ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንድ ሲያብጥ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ክንድሽ ካበጠ መጀመሪያ ራስሽን የምትጠይቂው ይሄን ነው፦ ቀስ እያለ ነው የመጣው ወይስ በአንድ ሌሊት? ፊዚዮቴራፒ ወይም ድንገተኛ ክፍል መሄድሽን የሚወስነው መልሱ ነው።

ምልክት፦ ቀለበት አልወጣ ይላል፣ አምባር ይጠብቃል፣ ክንድ ይከብዳል፣ ማታ ማታ ይብሳል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሊምፌዴማ ነው። ሊምፍ የሚባለው የሰውነት ፈሳሽ የሚያልፍባቸው የብብት ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ ወይም ቦታው ጨረር ሲነካው የሊምፍ ፈሳሽ መመለሻው ይጠበዋል። ስለዚህ ክንድ ውስጥ ይጠራቀማል። ከሕክምናው ወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ይመጣል። "እኔኮ ሕክምናውን ድሮ ነው የጨረስኩት" ብለሽ አትለፊው። እብጠት በራሱ ካንሰሩ ተመለሰ ማለት አይደለም፣ አብሽሪ። ግን ሐኪምሽ ይየው።

እስከዚያው የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢ። ከእጅ አንጓ ጀምረሽ በየ10 ሴንቲሜትሩ ሁለቱንም ክንድ ለኪና ጻፊ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። በአንዱ ቦታ እንኳ የ2 ሴንቲሜትር ልዩነት ከመጣ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ። ልዩነት ባይኖርም ክንድሽ ከከበደሽ ሂጂ፣ ክብደቱ ከእብጠቱ ሊቀድም ይችላል።

ገና ጅማሬው ከሆነ ክንድሽን በትራስ ከፍ አድርጊና ጣቶችሽን እየጨበጥሽ ዘርጊ። ጡንቻ ሲኮማተር ፈሳሹን ይገፋዋል። ክንድን ጨርሶ ማሳረፍ አይጠቅምም። ቀጥሎ የሚመጣው በልክሽ የተመረጠ የሚያጠብቅ እጅጌ ነው። ጠዋት ከእብጠቱ በፊት ይጠለቃል፣ ለመኝታ ይወልቃል። ክንዱ ጠንክሮ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይጎደጉድ ከሆነ ግን እጅጌ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ የሠለጠነ ባለሙያ በተደራራቢ ፋሻ ይቀንሰዋል።

እኛ አገር ያበጠ ነገር ሁሉ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ለዚህ ግን አይሆንም። የሊምፍ ማሸት ቆዳን ብቻ በቀስታ የሚገፋ ነው፣ ቅቤ ቀብቶ አጥብቆ መጫን ክንዱን ይጎዳዋል። ዋግምትማ ጭራሽ! በምላጭ የተበጣ ቆዳ ለባክቴሪያ የተከፈተ በር ነው። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትም መፍትሄ አይደለም። ውሃውን ቢያስወጣም በሊምፉ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ክንድ ውስጥ ይቀራል።

ምልክት፦ ሙቀት ሲጨምር ወይም እንጀራ ከጋገርሽ በኋላ ይብሳል

ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ ወደ ክንድ የሚገባው ፈሳሽም ይበዛል። ከጦሳ ተራራ ሥር ካለው የደሴ ብርድ ወደ ሞቃቱ ኮምቦልቻ የወረደች ሴት ልዩነቱን ልታውቀው ትችላለች። እንጀራውን በማለዳ፣ ከፋፍለሽ ጋግሪ። አክንባሎውን በሌላው እጅ አንሺ፣ እንፋሎቱ ያቃጥላልና። ጀሪካኑንም ለጊዜው ሌላ ሰው ይሸከመው። ፍል ውሃ ከገባሽ ክንድሽን አታስገቢው።

ምልክት፦ ክንድ ይግላል፣ ሲነኩት ያማል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አለ

ይሄ የቆዳ ኢንፌክሽን ነው፣ የሚታከመውም በዚያው ቀን ነው። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሁለቱን ክንዶች በእጅሽ ጀርባ ዳስሺና ሙቀታቸውን አወዳድሪ። "የሰኞ ገበያ ይለፍ" አትበይ። ኮምቦልቻ ከሆንሽ ደሴ እስክትደርሺ አትጠብቂ፣ ቅርብ ያለው ጤና ተቋም አንቲባዮቲክ ያስጀምርሽ። ሲሻልሽም አታቋርጪው። እስኪያልፍ እጅጌውንም ማሸቱንም ተዪ። ወደፊት በረኪና ስትነኪ ጓንት አድርጊ፣ እሾህና ጭረት ሲነካሽ ወዲያው በሳሙና እጠቢ።

ምልክት፦ በአንድ ሌሊት አበጠ፣ ያማል፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሄደ

የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። በተለይ ለኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) መስጫ ቱቦ በደም ሥርሽ ተተክሎልሽ ከነበረ። በአልትራሳውንድ ይታያል። ሳታሺውና ሳታጠብቂው ሆስፒታል ሂጂ። ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ ደቂቃ አትቆዪ።

ምልክት፦ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ የእጅ መስነፍ ወይም መደንዘዝ፣ ብብት ወይም አንገት ሥር እብጠት

እጅጌ ከመግዛትሽ በፊት የካንሰር ሐኪምሽ ይመርምርሽ። እዚህ ላይ የካንሰሩ መመለስ መጣራት አለበት።

ምልክት፦ እጅጌውን ካደረግሽ ወዲህ መዳፍሽ አበጠ

እጅጌው ላይኛው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ አስሮሽ ይሆናል፣ ወይም ልኩ አይደለም። አስተካክይው። ካልቀነሰ አውልቂና እንደገና አስለኪ። መዳፍን የሚይዝ ጓንት አብሮ ሊያስፈልግሽ ይችላል። ቢቻል ሁለት እጅጌ ይኑርሽ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። በለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ በጥላ አስጪው። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ላስቲኩ ይደክማል፣ ያኔ ይቀየራል።

ደም ግፊት ሲለኩሽና መርፌ ሲወጉሽ ጤነኛውን ክንድ ስጪ። ድንገተኛ ነገር መጥቶ በታመመው ክንድ ግድ ከሆነ ግን ሕክምናውን አታዘግዪ።