ቤት መፈለጊያው አፕ የአበዳሪው ሲሆን፦ ችግርና መፍትሄ

የቤት ብድር ሰጪው ሮኬት፣ የቤት መፈለጊያውን ሬድፊንን በ1.75 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ማርች 2025 ላይ ተነገረ፣ ጁላይ 1 አለቀ። የዲትሮይቱ አበዳሪ ቀድሞም ሮኬት ሆምስ የሚባል የራሱ መፈለጊያ ነበረው፤ ሰው ግን ቤት የሚያየው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ በወር ወደ 50 ሚሊዮን ሰው የሚገባበትን ገዛ። ገና ፎቶ እያየ ያለን ሰው የያዘ አበዳሪ፣ ሌላ ተፎካካሪ ሳይደርስ ብድሩን ይጨርሳል። ሌላው ቤት መፈለጊያ ዚሎውም በ2018 አበዳሪ ገዝቷል። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ላይ የማየው ይሄን ነው።

ምልክት፦ አፑ ላይ ያለው ወርሃዊ ክፍያ ከእውነተኛው ያንሳል።
አፑ ብዙ ጊዜ 20 ከመቶ ቅድሚያ ትከፍላላችሁ ብሎ ነው የሚያሰላው። እናንተ 5 ከሆነ ያላችሁ ቁጥሩን ቀይሩት፣ ፒኤምአይም (ቅድሚያው ከ20 ከመቶ ሲያንስ የሚከፈለውን የብድር ኢንሹራንስ) ጨምሩበት።

ምልክት፦ ቤቱ አለ ይላል፣ ሲደወል ተሽጧል።
የሻጩ ኤጀንት ኤምኤልኤስ ላይ (ኤጀንቶች የሚሸጥ ቤት የሚመዘግቡበት ዝርዝር ላይ) አላደሰውም። እለፉት።

ምልክት፦ ስልካችሁ አላርፍ አለ።
«ኤጀንት አነጋግር» የምትለዋን ነክታችኋል። ቁጥራችሁን አታስገቡ። የምር ለመግዛት ሳትወስኑ አታስገቡ!

አሁን ወደ ዋናው።

ምልክት፦ «ቅናሽ አለህ» ተብሎ ገባ፣ ክሎዚንግ ላይ (ተፈርሞ ግዢው በሚያልቅበት ቀን) ግን ያላሰበው ገንዘብ ተጠየቀ።
ምክንያቱ፣ ቅናሹን እንጂ ብድሩን አላየም። ሮኬትና ሬድፊን እንደተዋሃዱ ያወጡትን ውሰዱ፦ በሬድፊን ኤጀንት ገዝቶ ከሮኬት ለሚበደር፣ ወይ የመጀመሪያውን ዓመት ወለድ ለምሳሌ ከ7 ከመቶ ወደ 6 መቀነስ፣ ወይ ክሎዚንግ ላይ እስከ 6,000 ዶላር ክሬዲት፣ ማለትም ከወጪው የሚቀነስ። ውሸት የለውም። ግን እናስላው። 400 ሺህ ዶላር ለ30 ዓመት በ7 ከመቶ በወር 2,661 ዶላር ነው፣ በ6 ከመቶ 2,398። ያ የአንድ ዓመት ቅናሽ በጠቅላላው 3,150 ዶላር ገደማ ነው። ሌላ አበዳሪ ምንም ሳያስጮህ 6.75 ቢሰጣችሁ በወር 67 ዶላር ይተርፋችኋል፤ አራት ዓመት ሲሞላ እኩል ይመጣል፣ የቀረው 26 ዓመት ለእናንተ ነው።

የባሰው ፖይንት ነው። ፖይንት ወለዱ እንዲቀንስ ቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ አንድ ፖይንት የብድሩ 1 ከመቶ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ባልና ሚስት አንድ አበዳሪ የ3,000 ዶላር ቅናሽ ሰጠን ብለው ደስ ብሏቸው ሎን ኤስቲሜቱን፣ አበዳሪው የብድሩን ወለድና ወጪ የሚዘረዝርበትን ወረቀት፣ አመጡልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ክፍል ኤ፣ የመጀመሪያዋ መስመር፦ 1.5 ፖይንት፣ 6,000 ዶላር። በቀኝ ሰጥቶ በግራ መውሰድ ይሏል ይሄ ነው። ሎን ኦፊሰሩን «ይሄ ምንድነው?» ስለው «ሁሉም ይከፍላል» አለኝ። አይከፍልም! ሌላ ደግሞ ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ስልኩ ላይ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ሁሉንም የፈረመ አለ። ለእሱ ምን ይባላል?

መፍትሄው፦ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ቤት፣ በእኩል ቅድሚያ ክፍያ፣ ከሦስት አበዳሪ ሎን ኤስቲሜት ጠይቁ። ማመልከቻ በተሞላ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መስጠት ግዴታቸው ነው። በቴክስት የተላከ ቁጥር ሎን ኤስቲሜት አይደለም፣ ስክሪንሾትም አይደለም። ሦስት ገጽ ነው። ገጽ 1 ላይ ወለዱን፣ ገጽ 2 ላይ ክፍል ኤንና ከታች ጄ ውስጥ ያለውን ክሬዲት፣ ገጽ 3 ላይ «በ5 ዓመት» የምትለዋን አስተያዩ። ክሬዲት ስኮሬ ይወርዳል ብላችሁ አትፍሩ፤ አበዳሪዎች ለሞርጌጅ ብለው በ45 ቀን ውስጥ የሚያደርጉት የክሬዲት ማጣራት እንደ አንድ ይቆጠራል።

ምልክት፦ ኤጀንቱ «ሌላ አበዳሪ አትጠይቅ» አለ።
ኤጀንት ቀይሩ። ተባባሪ ኩባንያቸውን ሲጠቁሙ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው፣ ማስገደድ ግን አይችሉም። በዲሴምበር 2024 የፌዴራሉ የሸማቾች መሥሪያ ቤት ሮኬት ሆምስን ኤጀንቶች ገዢን ወደ እህት ኩባንያው እንዲመሩ አድርጓል ብሎ ከሶ ነበር። ኩባንያው አልተቀበለውም፣ መሥሪያ ቤቱም በፌብሩወሪ 2025 ክሱን ተወው።

ምልክት፦ ኦንላይን ማመልከቻው የዕቁብ ገንዘብ ላይ ቆመ።
ሲስተሙ ከየት እንደመጣ የማያውቀው ትልቅ ገንዘብ ነው። ሰው አነጋግሩ። ከአበዳሪዎች የቤት ብድር የሚገዛው ፋኒ ሜ የዕቁብ ዓይነት ቁጠባ ይቀበላል፤ የሰብሳቢው ደብዳቤና በየጊዜው መክፈላችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ገና የምትከፍሉት ዕጣ ካለ እንደ ዕዳ ይቆጠርባችኋል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ንገሯቸው።