ስፔሻሊስቱ ሸኝቷችሁ ሕመሙ ካልለቀቃችሁ

ድሬ ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን ስመላለስ ነው የምውለው። ወገቤን ያመመኝ ሐምሌ ላይ ነው። መስከረም ላይ ወረፋ ጠብቄ ስፔሻሊስት ዘንድ ገባሁ። «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ባጃጅ» አልኩ። አለቀ። ዲስክ ነው፣ ራጁም ደህና ነው፣ ዲክሎፍናክ ውሰድ፣ መቀመጫህን አስተካክል። ሸሚዜን እንኳ አላወለቅኩም።

ጥር ላይ የአከርካሪ ቲቢ መሆኑ ታወቀ። በመሃል ያለው አራት ወር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግን እኔም ያላደረግኩት ነገር አለ። እናንተ እንድታደርጉት ነው የምጽፈው።

ሕመሙ አልሻል ካለ ደብተር ያዙና የሆነውን ብቻ ጻፉ። ምክንያቱን አትጻፉ። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው፤ ለሁሉም ነገር ሰበብ ነበረኝ። ሌሊት ያልበኛል። ድሬ ላይ ላብን ማን በሽታ ብሎ ይቆጥራል? በሙቀቱ ወራት ግቢ አንጥፈን የምንተኛ ሰዎች ነን። ከ68 ኪሎ ወደ 60 ወረድኩ። ጓደኞቼ «ጫቱ ነው አቦ!» አሉኝ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ስለዚህ አመንኩ። ወገቤስ? ባጃጁ ነዋ። ሐኪሙም እኔም አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሠራነው፤ ልዩነቱ እሱ የተማረ መሆኑ ነው።

ያነቃችኝ አክስቴ ናት። ታኅሣሥ ላይ ሐረር እሷ ቤት አደርኩ። የታኅሣሥ ሌሊት ሐረር ላይ ይበርዳል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባልኛለች። ጠዋት አንሶላውን ስታነሳው እርጥብ ነው። «አንተ ልጅ፣ ይሄም የድሬ ሙቀት ነው?» አለችኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ከመቼ ጀምሮ፣ በሳምንት ስንት ሌሊት፣ ኪሎዬ በየትኛው ቀን ስንት እንደነበር። ጋደም ስል መቅለል ሲገባው ሌሊት እንደሚብስብኝም ጻፍኩ። አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት የቲቢ መድኃኒት ሲወስድ አንድ ቤት እንደነበርን ያን ቀን ነው ትዝ ያለኝ። እናንተም ቤተሰብ ውስጥ የታመመ ካለ አስፍሩ። የምትውጡትን መድኃኒት ደግሞ በስሙ ጻፉ፤ ማስታገሻ ነው ብላችሁ አትዝለሉት። ዲክሎፍናክ ሕመም ብቻ ሳይሆን ትኩሳትም ያወርዳል። እኔ ውጬ ስሄድ ትኩሳት የለህም እባል ነበር።

ወረቀቶቻችሁን ሰብስቡ። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የራጅ ሪፖርት፣ ማዘዣ ሳይቀር። በስልክም አንሷቸው። የራጅ ፊልም መኪና ውስጥ አትተዉ። የእኔን ባጃጁ ውስጥ ረስቼው የድሬ ፀሐይ አጠቆረው።

ሁለተኛው ሐኪም ጋ ስትገቡ የመጀመሪያውን ሐኪም በመውቀስ አትጀምሩ። ይቆጫል፣ አውቃለሁ። ግን ያላችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሐሜት አታባክኑት። «ዲስክ አለብኝ» ብላችሁም አትግቡ፣ የተሰጣችሁን ስም ውጭ ትታችሁ ሕመሙን ተናገሩ። ከዚያ ፋይሉን ስጡ። ሐኪሙ በእጁ ካልመረመራችሁ «ዶክተር፣ ጀርባዬን ቢያዩልኝ» በሉ። ሳትወጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ይሄ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» እና «በስንት ጊዜ ካልተሻለኝ ልመለስ?» የመጀመሪያውን መስከረም ላይ ጠይቄው ቢሆን ብዬ ስንቴ አስቤያለሁ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ደብተሬን አንብባ አከርካሪዬን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። አንዱ ቦታ ላይ ጮህኩ። የደም ምርመራ፣ ከዚያ ኤምአርአይ፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና። ራጁ ለምን ደህና ሆነ ብዬ ስጠይቃት፣ አጥንቱ በደንብ እስኪበላ ድረስ በራጅ ላይታይ ይችላል አለችኝ። የአከርካሪ ቲቢን የፖት በሽታም ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1779 ስለ በሽታው በጻፈ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ስም ነው። እንዲህ የቆየ በሽታ መሆኑን ሳነብ ጭራሽ ተናደድኩ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። እግራችሁ ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጣችሁ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሕክምናው ለእኔ 12 ወር ነው፤ ሁለቱ ወር በአራት መድኃኒት፣ አሥሩ በሁለት። በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ሽንት ብርቱካናማ ሲሆን አትደንግጡ፣ ከመድኃኒቱ ነው።

ቅሬታ ማቅረብ ከፈለጋችሁ በጽሑፍ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ስጡ፤ ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ ምን እንደተባላችሁ፣ በኋላ ምን እንደተገኘ። ስድብ አያስፈልግም። ቅጂው እጃችሁ ላይ ይቅር።

እኔ ከደብዳቤው በፊት የመጀመሪያው ሐኪም ራሱ ጋ ሄድኩ፣ የካቲት ላይ። ኤምአርአዩን ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየው።

«ሌሊት ያልብህ ነበር?»

«አዎ።»

«አልነገርከኝም እኮ።»

«አልጠየቁኝም ዶክተር።»

ዝም አለ። ካርዴን አስመጣና የሆነ ነገር ጻፈበት። ሰርቄ አየሁት፣ ግን የሐኪም ጽሑፍ መች ይነበባል።