በሌላ ሰው እጅ ልክ የተሰራ ጊታር፦ ሲግኔቸር ሞዴል ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለልኝ። ጥር ላይ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሊገባ ነው። ከመምጣቱ በፊት ሁለት ዓመት ባጠራቀማት ገንዘብ ጊታር መግዛት ይፈልጋል። "ጋሼ፣ የስላሽን ልግዛ ወይስ የጆን ሜየርን?" አለኝ፤ በሁለት ታዋቂ ጊታሪስቶች ስም የወጡ ጊታሮች ናቸው። "አንተ ምንድን ነው የምትጫወተው?" ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ያን ቀን ማታ ነው።

ሲግኔቸር ሞዴል የሚባለው አንድ ኩባንያ ከታዋቂ ጊታሪስት ጋር ተስማምቶ በእሱ ስምና በእሱ ምርጫ የሚሰራው ጊታር ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጊብሰን የሌስ ፖልን ስም የያዘውን ኤሌክትሪክ ጊታር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዛሬ ሌስ ፖል የሰው ስም መሆኑን የማያውቅ ጊታር ተጫዋች ሞልቷል። ፌንደር ደግሞ በ1988 ስትራቶካስተር የሚባለውን ኤሌክትሪክ ጊታሩን በኤሪክ ክላፕተን ስም ሰራለት። ከዚያ ወዲህ በስሙ ጊታር ያልወጣለት ዝነኛ ማግኘት ከባድ ሆኗል።

እኔ እነዚህን ጊታሮች እወዳቸዋለሁ። ግን ሲግኔቸር ጊታር ማለት ሌላ ሰው ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ፣ ተለክቶ ያሰፋው ኮት ማለት ነው። ጨርቁ ምርጥ፣ ስፌቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ትከሻው ግን የእሱ ነው። ጊታሩ ላይ ለየት ያለ ነገር ካያችሁ ያ ሰው እጁ ላይ ወይም መድረክ ላይ የገጠመው አንድ ችግር ነበረ ማለት ነው። ችግሩ የእናንተም ከሆነ ግዙት። ካልሆነ ግን መፍትሔው ራሱ ችግር ይሆንባችኋል።

ድምፁ ጊታሩ ውስጥ ነው ብሎ ማመን

የስላሽን ድምፅ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የገንስ ኤን ሮዝስ የመጀመሪያ አልበም ላይ የተጫወተበት ጊታር ጊብሰን የሰራው አልነበረም። ክሪስ ዴሪግ የሚባል ባለሙያ በሌስ ፖል አምሳል በእጁ የሰራው ነው። ፒክአፖቹ (የክሩን ንዝረት የሚቀበሉት ዕቃዎች) የሲሞር ደንከን፣ ድምፅ ማጉያው አምፕ ደግሞ የማርሻል ሥራ ነበሩ። ዛሬ ስላሽ የሚል ስም ያለበትን ጊታር ገዝታችሁ በትንሽ የልምምድ አምፕ ብትሰኩት ያን ድምፅ አታገኙትም። የጎደለው ግማሹ አምፑ ጋ፣ ቀሪው ጣቱ ጋ ነው።

የብሉዝ ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮንም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያ ክሩ ውፍረት 0.013 ኢንች ነበር። ከሱቅ የሚመጣ ስትራቶካስተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት 0.009 ወይም 0.010 ነው። ቅኝቱን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ያን የመሰለ ወፍራም ክር እየጎተተ ነበር የሚጫወተው። እነዚያን ጣቶች ደግሞ ከሱቅ አይገዟቸውም።

ስለዚህ ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ጊታሩ ላይ አትጨርሱ። ለአምፕ፣ ለጥሩ ኬብልና አንድ ጊዜ በባለሙያ ለማስተካከል የሚሆን አስቀሩ። መካከለኛ ጊታር በጥሩ አምፕ ሲሰማ፣ ውድ ጊታር በደካማ አምፕ ከሚሰማው ይሻላል። በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

አንገቱን ሳይጨብጡ መግዛት

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጊታር በዓይን አይመረጥም፣ በግራ እጅ መዳፍ ነው። ሲግኔቸር ጊታር ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ የግል የሆነው ነገር አንገቱ ነው።

የክላፕተን ስትራቶካስተር አንገት ከጀርባው ለስለስ ባለ የV ቅርጽ የተሰራ ነው። አውራ ጣቱን ከላይ አሳልፎ ለሚጨብጥ ሰው ይመቻል። አውራ ጣቱን ከኋላ መሃል ላይ የሚያሳርፍ ሰው ግን ያቺ ጠርዝ ትቆረቁረዋለች። የኩዊን ባንዱ የብራያን ሜይ ጊታር የክር ርዝመት 24 ኢንች ነው። የፌንደር 25.5፣ የጊብሰን ደግሞ 24.75 ገደማ ነው። ከፌንደር ጋር ያለው የኢንች ተኩል ልዩነት ወረቀት ላይ ምንም አትመስልም። እጃችሁ ግን ወዲያው ያውቃታል፤ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ይቀራረባሉ፣ ክሩም ይላላል። ትንሽ እጅ ላለው በረከት ነው። ጣቱ ወፍራም ለሆነ ሰው ግን ላይኛው ፍሬቶች ላይ መተፋፈግ ነው።

የኢንግቪ ማልምስቲን ስትራቶካስተር ደግሞ በፍሬቶቹ መካከል ያለው እንጨት ተቦርቡሮ ወጥቷል። ጣት እንጨት አይነካም። እሱ በጣም ስስ በሆነ አነካክ በፍጥነት ስለሚጫወት ይመቸዋል። ክሩን ጫን አድርጎ የመያዝ ልማድ ያለው ሰው ከሆነ ግን ኮርዱ ሁሉ ከቅኝት ይወጣል፤ ክሩ ወደ ታች በተጫነ ቁጥር ድምፁ ከፍ ይላልና።

ስለ ጣት ማረፊያው እንጨት ጉብታም ጠይቁ። ራዲየስ ይሉታል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጉብታው ይጨምራል። የጆን ሜየር ሲልቨር ስካይ 7.25 ኢንች ነው፤ በድሮዎቹ ፌንደሮች ልክ። ኮርድ ስትይዙበት እጅን አቅፎ የሚቀበል ዓይነት ነው። ነገር ግን ክሩ ዝቅ ተደርጎ ከተስተካከለ ቀጭኑን ክር ወደ ጎን ገፍታችሁ ረጅም ቤንድ ስታደርጉት ድምፁ መሃል ላይ ታንቆ ሊቀር ይችላል። ትዝታ ወይም አንቺ ሆዬ ስንጫወት ድምፁን እንደ ማሲንቆ እያንሸራተትን፣ ክሩን እየገፋን ማስለቀስ የምንወድ ሰዎች ይህን ሳንሞክር መግዛት የለብንም።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ መጀመሪያ ሳትሰኩት ተጫወቱ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ያዙት፤ ተቀምጣችሁም፣ በማንገቻ ቆማችሁም። የዝነኛውን ዘፈን ሳይሆን እናንተ ሁልጊዜ የምትጫወቱትን ሞክሩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መዳፋችሁ ከደከመ መልሱን አግኝታችኋል።

ያላየነውን ችግር መፍትሔ መግዛት

ክላፕተን ዋሚ ባር (ድምፁን የሚያወዛውዘውን ዘንግ) አይጠቀምም። ስለዚህ የእሱን ሞዴል ጀርባ ስትከፍቱ ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ እንዳይንቀሳቀስ እንጨት ተወሽቆበት ታገኛላችሁ። የስቲቪ ሬይ ቮን ሞዴል ትሬሞሎ (ዘንጉ የሚሰካበት ብሪጅ) የግራ እጅ ተጫዋች ዓይነት ነው። ዘንጉ ከታች መሆኑ ቀርቶ ከላይ በኩል ይመጣል። ለሱ ልክ ነው። እናንተ ግን ክንዳችሁን የት እንደምታሳርፉ አስቡ።

የቶም ዴሎንግ ስትራቶካስተር አንድ ፒክአፕና አንድ የቮሊዩም ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ብሪጁ ጋ። ለፓንክ ሮክ ሌላ ምን ያስፈልጋል? እኔ ግን ቀዝቀዝ ያለ ባቲ ስጫወት የምፈልገው ለስላሳ ድምፅ የሚመጣው አንገቱ ጋ ካለው ፒክአፕ ነው። እዚያ ጊታር ላይ እሱ የለም።

የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ሠርግ እጫወት በነበረበት ጊዜ ያገለገለ ሲግኔቸር ጊታር ገዛሁ። ብሪጁ በሞላ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ክሮቹ በሁለቱም ጫፍ በብሎን የሚቆለፉበት ዓይነት ነው። ዘንጉን ወደ ታች ጠልቆ መጣል፣ ወደ ላይ መሳብ ለሚወድ ተጫዋች ድንቅ ነገር ነው። እኔ ግን የገዛሁት መልኩ ስለማረከኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው ሞቅ ባለበት ሰዓት የመጀመሪያው ክር ተበጠሰ። ሌላ ጊታር ቢሆን በቀሩት አምስት ክሮች ዘፈኑን እጨርሰዋለሁ። እዚህ ግን የአንዱ ክር ጉልበት ሲጠፋ ሞላዎቹ ብሪጁን ወደ ኋላ ጎተቱት። አምስቱም ክሮች በአንድ ጊዜ ከቅኝት ወጡ። ክር ለመቀየር የአዲሱን ክር ጫፍ ላይ ያለችውን ኳስ በፒንሳ መቁረጥ፣ በብሩጎላ ቁልፍ መፍታትና መልሶ ማሰር ያስፈልጋል። ፒንሳም ብሩጎላም ቤት ነበሩ። ቮሊዩሜን ዘግቼ ቆምኩ። ኪቦርዲስቱ ተሸክሞኝ አለፈ።

ጊታሩ ምንም አልበደለኝም። የተሰራበትን ሥራ አላውቅለትም ነበር። እንዲህ ዓይነት ብሪጅ ያለው ከወደዳችሁ፣ ለምሳሌ የስቲቭ ቫይን አይባኔዝ፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ክር መቀየር ተለማመዱ። ብሩጎላና ፒንሳ ከጊታሩ ሻንጣ አይውጡ።

ስሙ አንድ ስለሆነ ዕቃው አንድ ነው ማለት

ፒአርኤስ የተባለው ኩባንያ የጆን ሜየርን ሲልቨር ስካይ በ2018 ሲያወጣ ዋጋው 2,299 ዶላር ነበር። በ2022 ደግሞ ኤስኢ የሚባለውን በ849 ዶላር አመጣ። የመጀመሪያው ሜሪላንድ ውስጥ ይሰራል፣ ሁለተኛው ኢንዶኔዥያ። ከሩቅ አይለዩም። የኤስኢው ጉብታ ግን 8.5 ኢንች ነው፤ ጠፍጠፍ ይላል። ለኛ አጨዋወት እንዲያውም ርካሹ ሊመች ይችላል! የስላሽም እንደዚሁ በጊብሰንም፣ የጊብሰን ርካሽ መስመር በሆነው በኤፒፎንም ይወጣል።

ርካሹ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በተለይ ያገለገለ ስትገዙ "የሜየር ነው"፣ "የስላሽ ነው" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የትኛው መስመር፣ የት አገር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት የተሰራ? ሦስቱንም ጠይቁ።

ባትሪውን መርሳት

አጭር ነገር ነው። የክላፕተን ሞዴል ውስጥ መሃለኛውን ድምፅ እስከ 25 ዴሲቤል የሚያሳድግ ሰርኪት አለ፤ በ9 ቮልት ባትሪ ነው የሚሰራው። ኢኤምጂ አክቲቭ ፒክአፕ ያላቸው የሜታል ተጫዋቾች ሞዴሎችም ባትሪ ይፈልጋሉ። ኬብሉ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል። ስትጨርሱ ንቀሉ፣ መለዋወጫ ያዙ።

ፎርጅዱን አለመለየት

ዝነኛ ስም ባለበት ፎርጅድ አለ። በተለይ ሌስ ፖል። የጊብሰን ጭንቅላት ላይ ያለችው የደወል ቅርጽ ያላት ትንሽ ክዳን በሁለት ብሎን ነው የምትያዘው። ፎርጅዶቹ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ታያላችሁ። እሷ ብቻ ግን ማስረጃ አትሆንም። ክዳን ይቀየራል። የሴሪ ቁጥርም ከእውነተኛ ጊታር ይገለበጣል። ስለዚህ ሻጩን የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቶ የውስጡን ፎቶ እንዲልክ ጠይቁት። ፎርጅድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ርካሽ የቮሊዩም ዕቃዎችና ዝርክርክ ብየዳ ነው የሚታየው። "አይከፈትም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ጭንቅላቱ ላይ ያለውም ፊርማ የታተመ ነው። አርቲስቱ በእጁ የፈረመበት ነው ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ካለ ማስረጃውን ያሳያችሁ።

ይወደዳል ብሎ መግዛት

ክላፕተን ብላኪ የሚላት ጊታሩ በ2004 ጨረታ ላይ 959,500 ዶላር አውጥታለች። ይህን የሰማ ሰው በክላፕተን ስም የገዛው ጊታርም አንድ ቀን የሚከብር ይመስለዋል። ብላኪ ግን ከሦስት አሮጌ ስትራቶካስተሮች ምርጥ ምርጡ ወጥቶ የተገጣጠመች፣ እሱ ራሱ ለዓመታት መድረክ ላይ የያዛት አንዲት ጊታር ናት። ፋብሪካ በየዓመቱ የሚያመርተው ሌላ ነገር ነው። ለመጫወት ግዙት።

የመንገዱንና የመብራቱን ነገር አለማሰብ

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ለምታመጡ። ጊታሩ ራሱ ግድግዳ ላይ ስለማይሰካ ችግር የለበትም። አምፑ ግን ጣጣ አለው። የአሜሪካው በ120 ቮልት ይሰራል፣ የኛ መብራት 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 የሚል ካለበት ሶኬቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ካልሆነ ለዋቱ የሚመጥን ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ወይም መጀመሪያውኑ የ220 ግዙ።

ሌላው የጊታሩ ጭንቅላት ነው። የጊብሰን ጭንቅላት ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። አንገቱ ደግሞ ልክ እዚያ ጋ ቀጭን ነው፤ ውስጡም አንገቱን ለሚያቃናው ብረት ማስተካከያ ተቦርቡሯል። ሻንጣው በጀርባው አንድ ጊዜ ከወደቀ እዚያ ጋ ይሰበራል። ያገለገለ ስትገዙ ያን ቦታ በስልክ መብራት ፈትሹ፤ በቀለም ስር ፀጉር የመሰለች መስመር ካያችሁ ተሰብሮ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። በአውሮፕላን ስትጭኑት ክሮቹን ትንሽ አላሉ፣ ከጭንቅላቱ ስርና ከዳር ዳሩ ጨርቅ ጠቅጥቁበት።

አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሻንጣውን ወዲያው አትክፈቱ። ብርዱ እስኪለቀው ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንገቱን እንደገና እዩት። በጋችን ደረቅ ነው፣ እንጨት ከአየሩ ጋር ይንቀሳቀሳል። ክሩ ፍሬት እየነካ መንጣጣት ከጀመረ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ሱቅ ሄዶ ያዛቸው። ለሁለት ቅዳሜ ተመላልሶ፣ በመጨረሻ የኢንዶኔዥያውን ሲልቨር ስካይ ገዛ። በተረፈው ገንዘብ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል አምፕ ጨመረበት። ጥር ላይ ቦሌ እቀበለዋለሁ። ጭንቅላቱ ስር የሚጠቀጥቀውን ፎጣ እንዳይረሳ ትናንትም ደውዬ ነግሬዋለሁ።