ከኋላ የማይነበብ ሰሌዳ፦ በመጨረሻ የሠራው መላ

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ስትገባ ሰሌዳው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ጠመኔው ይንሸራተታል፤ ከአራተኛው ረድፍ ወደኋላ ያሉት ልጆች ከጎናቸው ካለው ደብተር ይገለብጣሉ። በፈተና ሳምንት ይህ ለልጁም ለመምህሩም ይከብዳል።

በኦሞ ማጠብ የረዳው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። የከሰል ዱቄት በውኃ በጥብጦ መቀባት ደግሞ ባሰ፤ የሚያጣብቀው ስለሌለ ከዳስተሩ ጋር ይነሣል። ተራው ጥቁር ሲንቴቲክ ቀለም ራሱ የችግሩ ምንጭ ነው፤ ሲደርቅ ልሙጥ ይሆናል፣ ጠመኔ የሚይዘው ግን ሻካራ ነገር ላይ ነው።

የሠራው መላ ይኸው፦ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሰሌዳውን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብልጭታው እስኪጠፋ መፈግፈግ፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ የማያብለጨልጭ የሰሌዳ ቀለም በአጭር ጸጉር ሮለር ስስ አድርጎ መቀባት። ሁለተኛው ዙር ቅዳሜ ጠዋት። ለ1.2 በ2.4 ሜትር ሰሌዳ 1 ሊትር ይበቃል። እስከ ማክሰኞ ምንም አይጻፍበት።

ብዙዎች የሚዘሉት ቀጣዩን ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት ጠመኔውን አጋድሞ ሰሌዳውን በሙሉ፣ አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ጎን ማሸት፣ ከዚያ በደረቅ ዳስተር ማጥፋት ያስፈልጋል። አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ጥላው አይለቅም።

ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ፣ ያችው ፀሐይ እየገባች፣ የመጨረሻው ረድፍ ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ አነበበ። የሳምንቱ ደስታ ያ ነበር።