በእግር ኳስ ችግረኛ ልጆችን ለመርዳት ለሚነሱ ማኅበራት

በእግር ኳስ አማካይነት ችግረኛ ልጆችን ለመርዳት የሚቋቋም ማኅበር ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ገንዘቡን የሚያወጣው ለማሊያና ለዋንጫ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ነጥብ የሚያዘው በምን እንደሆነ ሊወሰን ይገባል፤ ልጆች የሚሽቀዳደሙት ነጥብ ወዳለበት ነውና።

ይህን በሚገባ የተረዳው እ.ኤ.አ. በ1987 በናይሮቢ የተመሠረተው የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር ነው። በማታሬ የድሆች መንደር ልጆች ቆሻሻ በተከመረበት ሥፍራ ይጫወቱ ስለነበር፣ ማኅበሩ ሊጉን ከጽዳት ጋር አቆራኘው፤ ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ ሲያገኝ፣ የተመደበለትን የጽዳት ሥራ የፈጸመ ቡድን ደግሞ 6 ነጥብ ይያዝለታል። ስለዚህ የሊጉ ሰንጠረዥ የሚያስከብረው ጎበዝ አጥቂ ያለውን ቡድን ብቻ አይደለም። ይህን ለመከተል የሚፈልግ ማኅበር ሥራውን ከልጆቹ ጋር ይምረጥ፣ ጓንት ያቅርብ፤ ስለታም ነገርና የሕክምና ቆሻሻ ያለበትን ቦታ ግን በምንም ምክንያት ለልጆች አይስጥ። (ከዚሁ ማኅበር የወጣው ማታሬ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን መሆኑ፣ ይህ አሠራር ኳሱን ራሱን ያዳክማል ለሚሉ በቂ መልስ ይመስለኛል።)

የትምህርት ድጋፍ ሲሰጥም ገንዘቡ በልጁ ወይም በወላጅ እጅ ከሚገባ ይልቅ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ቢከፈል ይመረጣል። ማታሬ ውስጥ ታናናሾቻቸውን የሚያሠለጥኑና የሚዳኙ ታዳጊዎች በአገልግሎታቸው ነጥብ ያጠራቅማሉ፤ ብዙ ያጠራቀሙትም የትምህርት ክፍያ ይሸለማሉ። በዚህ መንገድ ዕርዳታው ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ የድካም ዋጋ ይሆናል።

ጠብ ለሚበዛበት ሰፈር በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን የተጀመረውን ዘዴ መሞከር ይጠቅማል። ቡድኖቹ ከጨዋታው በፊት ተቀምጠው ደንቡን ይስማማሉ፣ ያለ ዳኛ ይጫወታሉ፣ ከዚያም ተመልሰው ማን ቃሉን እንደጠበቀ ተነጋግረው ለመልካም ጠባይ ነጥብ ይሰጣጣሉ። መጀመሪያ ላይ ውይይቱ በጩኸት ሊያልቅ ስለሚችል፣ ጎል ሳይቆጥር የሚያደምጥ አንድ ታላቅ ወጣት በአስታራቂነት ይመደብ።

የሴት ልጆችን ሰዓት አስተዳዳሪዎች ብቻቸውን ሊወስኑት አይገባም፤ ውኃ የሚቀዳበትንና ታናናሾች የሚጠበቁበትን ሰዓት የሚያውቁት እናቶች ስለሆኑ፣ መርሐ ግብሩ ከእነርሱ ጋር ይውጣ። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው እንዳይቀር፣ ወላጅ ሳይፈቅድም ፎቶግራፍ እንዳይነሳ በጽሑፍ ይደንገግ፤ ለጋሽን ለማስደሰት ሲባል ልጅን በተቀደደ ልብስ አሰልፎ ማስነሳት ነውር ነው።

በመጨረሻም አሠልጣኙ በየልምምዱ የተገኙና የቀሩ ልጆችን መዝገብ ይያዝ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ የቀረ ልጅ ከዝርዝሩ ከመሰረዙ በፊት አንድ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ፤ ታሞ፣ ሥራ ገብቶ ወይም ቤተሰቡ ኪራይ አቅቶት ከሰፈሩ ለቆ ሊሆን ይችላል።