ክፍል ከመቀጠላችሁ ወይም ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት

ልጅ ለመውለድ በወሰንንበት ሰሞን ባለቤቴ ሜትር ይዞ ጓሮው ውስጥ ይመላለስ ነበር። 52 ካሬ ሜትር የሆነችው ቤታችን አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ስለነበራት፣ ከጀርባዋ 3 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ሊቀጥልላት ንድፉን ጨርሷል። እኔ ደግሞ የሚሸጡ ቤቶችን ፎቶግራፍ ሳገላብጥ አመሽ ነበር። አንዳችን ለመቀጠል፣ አንዳችን ለመልቀቅ ስንሟገት ሁለታችንም የምንቆጥረው ክፍል ብቻ ነበር። ነገሩን ከየት መጀመር እንዳለብን እስኪገባን አራት ወር ፈጀብን። እናንተን ያን ያህል እንዳይፈጅባችሁ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱ ክፍል አያስፈልገውም። የሕፃናት ሐኪሞች ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ አልጋ እንዲተኛ ይመክራሉ፤ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የመሞትን አደጋ ይቀንሳልና። ስለዚህ በመጀመሪያ የምትለኩት ከአልጋችሁ ጎን ያለውን ቦታ ነው። የሕፃን አልጋ አብዛኛውን ጊዜ 120 በ60 ወይም 140 በ70 ሴንቲ ሜትር ነው። ያንን ልክ መኝታ ቤታችሁ ወለል ላይ በፕላስተር አስምሩና መስመሩን ሳትረግጡ ሁለት ሳምንት ኑሩ። ሌሊት መብራት ሳታበሩ ተነሥታችሁ ወደ መታጠቢያ ቤት ሂዱ። እኛ ስንሞክረው የቁም ሣጥኑ በር አልከፈት አለ። ሣጥኑን ወደ ሳሎን አወጣነው፤ ለክፍል ግንባታ ካሰብነው ምክንያት ግማሹ በዚያው ቀን ቀረ።

ቀጥሎ ደብተር ያዙ። ለአንድ ወር ቤቱ ያስቸገራችሁን ሁሉ፣ ትንሹንም ሳትንቁ፣ በዚያው ዕለት ጻፉ። በወሩ መጨረሻ ሁለት እስክሪብቶ አንሡና በአናጢና በግንበኛ የሚስተካከለውን በሰማያዊ፣ ማንም ባለሙያ ሊያስተካክለው የማይችለውን በቀይ አስምሩ። የእኛ ሰማያዊ መስመሮች ብዙ ነበሩ፤ የማድ ቤቱ ጥበት፣ የዕቃ ማስቀመጫ እጥረት፣ እርጥበት የያዘው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ። ቀዮቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ከመንገዱ እስከ በራችን 38 የድንጋይ ደረጃ አለ። ከሥራ ቦታችን እስከ ቤት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ እንጓዛለን። ከእናቴ ቤት ደግሞ ሁለት አውቶቡስ ይለየናል።

ቀዩን መስመር በሐሳብ ብቻ አትመዝኑት፤ ኑሩት። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ በአማካይ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እኔ ያን ያህል መጽሐፍ ፊት ለፊቴ አዝዬ፣ በአንድ እጄ የገበያ ዕቃ ይዤ ደረጃውን ለአምስት ቀናት ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ዘነበ። ሃያኛው ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ከዕቃው ጋር የሕፃን ጋሪም ቢኖር የቱን ቀድሜ እንደማወጣና ልጁን የት እንደማቆየው ሳስብ ዕንባዬ መጣ። ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ንድፉን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ስለ እርዳታ ቅርበት አጥብቄ እናገራለሁ፤ ሰው አቅልሎ ሲያየው ስለማይ። ልጁ ታሞ ስልክ ቢደወልላችሁ ስንት ደቂቃ ውስጥ ትደርሳላችሁ? ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣችሁ በኋላ አንድ ሰዓት እንድትተኙ ልጁን የሚይዝላችሁ ሰው ከበራችሁ ምን ያህል ይርቃል? እናት፣ እኅት ወይም የልብ ጎረቤት ይሁን፣ በእግር የሚደርስ ሰው ለእኔ ከሁለት ተጨማሪ ክፍል ይበልጣል። ይህ ሰው አሁን ባላችሁበት ሰፈር ካለ ቤቱ ቢጠብም ከመልቀቃችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ።

ደብተራችሁ በሰማያዊ ከተሞላ ቤታችሁን ማስፋት ያዋጣችኋል። ያኔ ቀን መቁጠሪያ አውጡ። እርግዝና 40 ሳምንት ገደማ ነው፤ ግንባታ ግን በተባለው ቀን እምብዛም አያልቅም። የእኅቴ ቤት በሦስት ወር ያልቃል ተብሎ ተጀምሮ ስምንት ወር ፈጀ። ልጇን ይዛ ከሆስፒታል ስትመለስ መስኮቱ ገና በላስቲክ የተሸፈነ ነበር፤ አራስነቷን በሲሚንቶ አቧራ ውስጥ አሳለፈች። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ሥራው ወይ ከእርግዝናው በፊት ይለቅ፣ ወይ ልጁ ጠና እስኪል ይቆይ። አሮጌ ቤት ከሆነ ቀለሙን ከመፋቃችሁ በፊት እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት እንዳለበት አስመርምሩ። ከተፋቀ ቀለም የሚነሣው አቧራ እርሳስ ከያዘ፣ እርሳሱ ከእናት ደም ወደ ፅንስ ያልፋል፤ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል። ግድግዳ ከማፍረሳችሁ በፊትም ጣሪያውን የተሸከመው የትኛው እንደሆነ፣ መሠረቱም ተጨማሪ ክብደት ይችል እንደሆነ መሐንዲስ ይንገራችሁ። የግንባታ ፈቃዱን ያዙ። ከተገመተው ወጪ በላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ካልያዛችሁ አትጀምሩ።

ቀዩ ካመዘነ ግን ልቀቁ። ቤት ስትመርጡ በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ አይታችሁ አትወስኑ፤ ማታም ጎህ ሲቀድም ሄዳችሁ ድምፁን ስሙ። የደረጃና የበረንዳ መከለያ ዘንጎች ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ለኩ፤ የሕፃን ገላ ያሾልካልና።

ገንዘቡን በተመለከተ የባንክ ወረቀት የማይነግራችሁን የራሳችሁ ኑሮ ይነግራችኋል። አዲሱ ብድር ወይም ኪራይ ከአሁኑ የሚበልጥበትን ልዩነት፣ የልጅ እንክብካቤ ወጪውን ጨምራችሁ፣ ለ6 ወራት በየወሩ ወደ ሌላ ሒሳብ አስገቡ። ከወሊድ በኋላ አንዳችሁ ሥራ የምታቆሙ ከሆነ ደግሞ በአንድ ደመወዝ ብቻ ኑሩ። እኛ በሦስተኛው ወር ከሒሳቡ መልሰን ስናወጣ ራሳችንን አገኘን። ስለዚህ የምንፈልገውን ቤት ዋጋ ዝቅ አደረግን፤ ያልተነካው ገንዘብ ደግሞ በኋላ ዕቃ ማጓጓዣ ሆነን።

በመጨረሻ የገባንበት ቤት 46 ካሬ ሜትር ነው፤ ከድሮው በ6 ያንሳል። ምድር ላይ ነው፣ ደጃፉ ላይ ደረጃ የለውም፣ ከእናቴ ቤት በእግር 12 ደቂቃ ነው። የልጃችን አልጋ ከእኛ አልጋ ጎን ገባ፤ እስከ 14 ወሯ እዚያው ተኛች። ከዚያ የሳሎኑን አንድ ጥግ በመጽሐፍ መደርደሪያ ከፍለን ሰጠናት። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ልጅ ስለተመኘን ደብተሩ እንደገና ተከፍቷል። በዚህ ወር የጻፍነው ሁሉ ሰማያዊ ነው። ባለቤቴ የድሮውን ንድፍ ከመሳቢያ አውጥቶ ልኩን እያስተካከለ ነው፤ መሐንዲሱ ቅዳሜ ይመጣል።