ጥርስ ሲነቀል አጥንቱም አብሮ እንዳይሄድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢምፕላንት (በተነቀለ ጥርስ ፋንታ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) የማስገባት ሐሳብ ያለው ሰው የሚሠራው ትልቁ ስህተት ማስነቀልንና መተካትን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አድርጎ መቁጠር ነው። ሐምሌ ላይ ሕመሙ ጸንቶበት ጥርሱን ያስነቀለ የጎጃም ገበሬ፣ ጤፉን ወቅቶና ሸጦ ጥር ላይ ገንዘብ ሲይዝ ስለ ኢምፕላንት ሊጠይቅ ባሕር ዳር ድረስ ይሄድ ይሆናል፤ ነገር ግን በመካከል ያለፉት ስድስት ወራት የመንጋጋ አጥንት ከሁሉ ፈጥኖ የሚመነምንባቸው ናቸው። ጥርስን አቅፎ የሚይዘው አጥንት ያለው ለሥሩ ስለሆነ ሥሩ ሲወጣ እየሟሟ ይሄዳል። በእነዚህ 6 ወራት ወርዱ በአማካይ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይቀንሳል፤ በ12 ወር ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ከሚጠፋውም ሁለት ሦስተኛው የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን ነውና ዙሪያውን የሚይዘው አጥንት ካልተረፈለት መቆሚያ የለውም። ስለዚህ ገንዘቡ ገና ባይገኝም ሐሳቡ ለሐኪሙ መነገር ያለበት ከነቀላው በፊት ነው።

ሐሳቡ ቀድሞ ሲነገር አነቃቀሉም ይለወጣል። የፊት ጥርሶችን በከንፈር በኩል የሚሸፍነው አጥንት ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር የሳሳ ስለሆነ፣ ጥርሱ በጉጠት ተይዞ በኃይል ከተጎተተ አጥንቱ ይሰበራል ወይም ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። መንጋጋ ጥርስ ሲሆን ሥሮቹን ከፋፍሎ አንድ በአንድ ማውጣት ይቻላል። እንዲህ በጥንቃቄ መንቀል ጊዜ ይወስዳል፤ ታካሚው «ቶሎ ይውጣልኝ» ብሎ ባያጣድፍ ይጠቀማል።

ቤት ከተገባ በኋላ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ አረቄ መጉመጥመጥ ይበልጥ ያሳስበኛል። በቁስሉ ጉድጓድ ውስጥ የሚረጋው ደም አዲሱ አጥንት የሚጀምርበት መሠረት ነው። አረቄው ቁስሉን ያቃጥላል፤ መጉመጥመጡም፣ ደጋግሞ መትፋቱም፣ ሲጋራ ማጨሱም የረጋውን ደም ያስለቅቁታል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የጨው ውኃም ቢሆን አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ ለብ ባለ ውኃ ጨው ሟሙቶ በቀስታ አፍን ማለቅለቅ ጥሩ ነው። ቆሎም ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ ይቆይ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሕመሙ እንደ መቀነስ ብሶ ወደ ጆሮ ከተሰራጨ፣ ቅርንፉድ እየጠቀጠቁ ከመታገሥ ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል።

ጥርሱ በተነቀለ ዕለት ጉድጓዱን በአጥንት መሙያ መሙላት የመመንመኑን መጠን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ያስቀረዋል ብሎ መጠበቅ ግን ስህተት ነው። መሙያው ከታካሚው ከራሱ አጥንት፣ ከሰው ልገሳ፣ ከከብት አጥንት ወይም ከሰው ሠራሽ ቁስ ሊሆን ይችላል፤ በላዩም ብዙ ጊዜ ኮላጅን ከተባለ የእንስሳት ፕሮቲን የተሠራ ስስ ሽፋን ይደረግበታል። ይህ ኮላጅን ከአሳማ የሚሠራበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በእኛ አካባቢ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይህ ቀላል ጉዳይ ስላልሆነ፣ ሰው ኋላ ሰምቶ ከሚጨነቅ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ከከብት የተሠራም አለ። ከሙሌቱ በኋላ ኢምፕላንቱ እስኪተከል ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። የጤፉ ገንዘብ የሚደርሰውም በዚሁ ጊዜ ነው።

የስኳር ሕመምን ወይም ለአጥንት መሳሳት የሚወሰድ መድኃኒትን ደብቆ መነቀል አደገኛ ነው፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ከነቀላ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዲሞት ሊያደርጉ ይችላሉ። የሚወለቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርግ ሰውም ጥርሱ ቁስሉን እንዳይጫነው ማሳየት አለበት።

ከዓመታት በፊት አስነቅሎ አጥንቱ የመነመነበት ሰው «ጊዜው አልፎብኛል» ብሎ ቢተወው ይህም ስህተት ነው። በሦስት አቅጣጫ በሚያሳይ ራጅ የቀረው አጥንት ይለካል፤ ካነሰም በቀዶ ሕክምና ሊታከልበት ይችላል። በላይኛው መንጋጋ በስተኋላ የጎደለ ከሆነ፣ የሳይነስ ክፍተቱን (ከላይኛው መንጋጋ በላይ ያለውን አየር የሚይዝ ባዶ ቦታ) ወለል ከፍ አድርጎ ከሥሩ አጥንት መሙላት ይቻላል፤ ሥራው ግን ጥርሱ በተነቀለ ዕለት ጉድጓዱን ከመሙላት የከበደና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነው።